በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚፈጠሩ የፈሳሽ ከረጢቶች፦ ለሐይቅና ለአምባሰል ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ምንነቱ

አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በሦስት ሽፋኖች የተጠቀለሉ ናቸው። በመካከለኛውና በውስጠኛው ሽፋን መካከል እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይዘዋወራል፤ ፈሳሹም አንጎልን ከግጭት ይከላከላል። መካከለኛው ሽፋን አራክኖይድ ይባላል። ይህ ሽፋን ተሰንጥቆ ፈሳሹ በመካከሉ ሲጠራቀም የሚፈጠረው ከረጢት የአራክኖይድ ሲስት ተብሎ ይጠራል።

ሕመሙ ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብዛኛው በጽንስ ወቅት የሚፈጠር ሲሆን፣ ጥቂቱ ከጭንቅላት ጉዳት፣ ከማጅራት ገትር ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይከሰታል። ስለሆነም እናትን ወይም አባትን ተወቃሽ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ምልክቶቹ

ብዙዎቹ ከረጢቶች ምንም ምልክት አያሳዩም፤ ለሌላ ጉዳይ በተደረገ ምርመራ በአጋጣሚ ይገኛሉ። ከረጢቱ ሲያድግ ግን በዙሪያው ያለውን አካል ይጫናል። በዚህ ጊዜ የሚከተሉት ምልክቶች ሊታዩ ይችላሉ፦

- በሕፃናት ላይ፦ ከዕድሜ በላይ የሆነ የጭንቅላት ማደግ፣ የእርግብግቢት መወጠር፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የዕድገት መዘግየት፤
- በትልልቅ ልጆችና በአዋቂዎች ላይ፦ የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ የሚጥል ሕመም፣ የዕይታ መቀነስ፤
- ከረጢቱ በሕብለ ሰረሰር ላይ ሲሆን፦ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛልና መደንዘዝ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል።

ከረጢት እንዳለበት የታወቀ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ከደበዘዘ ወይም ካስመለሰው ደም ሊፈስ ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ቅርብ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

አገልግሎቱን የት ማግኘት ይቻላል?

የመጀመሪያው ደረጃ በቀበሌው የሚገኘው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። የሕፃኑን የጭንቅላት ዙሪያ በሜትር መለካት ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ችግርን አስቀድሞ ያሳያል፤ ስለሆነም በክትባት ቀን እንዲለካ ይጠይቁ። የሐይቅ ከተማና የውጫሌ አካባቢ ነዋሪዎች ተጨማሪ ምርመራ ሲያስፈልጋቸው በቅብብሎሽ ሥርዓቱ መሠረት ወደ ደሴ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ።

እርግብግቢቱ ያልተዘጋ ሕፃን በአልትራሳውንድ ሊታይ ይችላል፤ ለሌሎች ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ያስፈልጋል። የአንጎልና ሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀድሞ በውጭ አገር ብቻ ይታሰብ የነበረው ሕክምና ዛሬ በአገራችን ይሰጣል።

የጤና መድን ተጠቃሚዎች

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ሐይቅ ከተማ የሚገኝበት የተሁለደሬ ወረዳ ነው። ተጠቃሚዎች የአባልነት መታወቂያቸውን በየዓመቱ ማሳደስና የሪፈር ወረቀት ይዘው መሄድ ይጠበቅባቸዋል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ቤተሰብ ወጪውን ራሱ ለመሸፈን ሊገደድ ይችላል። በመሆኑም ከመንገድ በፊት የሽፋኑን ወሰን ከወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ።

ሕክምናው

ምልክት የማያሳይ ከረጢት በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ በቀጠሮ ክትትል ይደረግለታል። ጫና የሚፈጥረው ግን ግድግዳው በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ፈሳሹ ወደ ተፈጥሯዊ መንገዱ እንዲገባ ይደረጋል፤ ወይም ሻንት በተባለ ቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ዕቃ እንዲወርድ ይደረጋል። ሻንት የተደረገለት ልጅ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካሳየ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ሊመለስ ይገባል።

ሊወገዱ የሚገባቸው ድርጊቶች

በጭንቅላት ወይም በጀርባ ላይ የታየ እብጠትን መብጣትም ሆነ መተኮስ አንጎልን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ለሞትም ሊዳርግ ይችላል። ጸበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊቀጥል ይችላል፤ ምርመራውን ግን ሊያዘገይ አይገባም፤ በጫና የተጎዳ የዓይን ነርቭ ከዘገየ በኋላ ላይመለስ ይችላልና።

ተመሳሳይ መልክ ያለው ሌላ ሕመም

በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የትል ዓይነትም በሰው አካል ውስጥ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ይፈጥራል። ይህ ከረጢት በአብዛኛው በጉበትና በሳንባ፣ አልፎ አልፎም በአንጎል ላይ ይታያል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው። መከላከል ግን ይቻላል፦ በፋሲካም ሆነ በአረፋ ዕርድ ወቅት የበግና የከብት ጉበትና ሳንባ በጥሬው ለውሻ አይስጡ፤ ውሻ ከነኩ በኋላና ከምግብ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በምርመራ ወቅትም በቤትዎ ውሻና በጎች መኖራቸውን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ስለ ልጅዎ የጭንቅላት ዕድገት ጥርጣሬ ካለዎት በቀበሌዎ የምትገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዛሬውኑ ያማክሩ።