«ጃጀ» እና «መታ»፦ በእርጅና ዘመን ለሚደርስ የአእምሮ መዳከም የተሰጡ ስያሜዎች ታሪክ

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በዚሁ መጠሪያ ይታወቅ የነበረውን የጦር ክፍል ያስታውሳል። የስያሜው አሠራር ቀላል ነው፤ ዕቃውንና ያዡን አጣምሮ ሥራውን ይናገራል። በሕክምና ቃላታችንም «ደም ቅዳ» የሚለው በዚሁ ስልት የተበጀ ነው፤ የደም ሥሩን ሥራ ከነስሙ ያስረዳል። በእርጅና ዘመን የሚደርሰውን የአእምሮ መዳከም በተመለከተ ግን የምንጠቀምባቸው ቃላት የሕመሙን ምክንያት ከመግለጥ ይልቅ የሚሰውሩ ናቸው። ጉዳቱም በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ለዚህ ከታሪካችን የሚቀርበው ምሳሌ የዚያ ጦር ጌታ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ሕመም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ጤንነታቸው እየታወከ በመሄዱም በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ከባድ ምት ሰውነታቸውን ሽባ አደረገ፤ አንደበታቸውንም ያዘ። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው ማዘዛቸውን ቀጠሉ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሉ። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ በአልጋ ላይ ቆይተው ዐረፉ። ሕመማቸው ዛሬ በሚሰጠው የሕክምና ስም በዚያን ጊዜ አልተመረመረም፤ ይሁን እንጂ ምት ተደጋግሞ ሰውን ከአንደበቱና ከሥራው እንዴት እንደሚለየው በግልጽ ያሳያል። ሕመሙ የሚታወቅ ስም ስላልነበረው በስሙ ቦታ ወሬ ገባ፤ ተመርዘዋል የሚሉም ነበሩ።

ወሬው ከቋንቋው የራቀ አልነበረም። በአማርኛ ድንገተኛ ሕመም ሁልጊዜ መቺ አለው፤ «ምች መታው»፣ «ጋኔን መታው» ይባላል። «ምት» የሚለው ስም የተገኘውም ከዚሁ ግስ ነው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የጥንት ግሪኮች ለዚሁ ሕመም የሰጡት አፖፕሌክሲያ የሚለው ስምም መትቶ መጣልን ያመለክታል። መቺው በውጭ ሲታሰብ መድኃኒቱም በውጭ ይፈለጋል፤ በደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ምክንያት ግን ሳይታይ ይቀራል።

«ጃጀ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «መታ» ቢያንስ አንድ ምክንያት ያስባል፤ «ጃጀ» ግን ዕድሜን ብቻ ከስሶ ነገሩን ይዘጋል። አባቱ ወይም እናቱ «ጃጅተዋል» የተባለ ሰው ወደ ሐኪም ሊወስዳቸው አያስብም፤ ለእርጅና ሐኪም የለውምና።

የአውሮፓ ሕክምናም ከዚህ አስተሳሰብ የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። ኦቶ ቢንስቫንገር እ.ኤ.አ. በ1894 በደም ሥር ጉዳት የሚመጣውን የአንጎል መድከም ለይቶ ገለጸ። አሎይስ አልዝሃይመር እ.ኤ.አ. በ1907 ያተመው የአንዲት ሴት ታሪክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕመም መኖሩን አሳየ፤ ኤሚል ክሬፕሊን እ.ኤ.አ. በ1910 ይህን ሕመም በአልዝሃይመር ስም ጠራው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የሽማግሌዎች መዘንጋት ሁሉ በጥቅሉ የደም ሥር መጠጠር ውጤት ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ቭላዲሚር ሃቺንስኪና ባልደረቦቹ ይህን አረሙ፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ደም ተቋርጦባቸው የሞቱ የአንጎል ክፍሎች ሲበራከቱ መሆኑን አስረዱ። ምክንያቱ ሲሰየም የመከላከያው መንገድም ታየ።

ዛሬ አጋላጭ መሆናቸው የታወቁት ቀድሞ የደረሰ ምት፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትንባሆ ማጨስ፣ የደም ቅባት መብዛትና የልብ ምት መዛባት ናቸው። ከሁሉ የሚቀድመው የደም ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የግፊት ሕሙማን ሲታከሙ የአእምሮ መዳከሙ በግማሽ ያህል መቀነሱን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአሜሪካ ጥናትም ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር ቀላሉን የማስተዋል መጓደል እንደሚቀንስ አሳየ፤ ከባዱን ስለ መቀነሱ ግን ቁርጥ ያለ ማስረጃ አላገኘም። በአዲስ አበባ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 30 ያህሉ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ የሚበዙትም ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም ነበር።

እዚህም ላይ ስያሜ ያሳስታል። ሕዝቡ ግፊቱን «ደም ብዛት» ይለዋል። የሚበዛው ግን ደሙ ሳይሆን ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው። ስሙን እንደ ቃሉ የተረዳ ሰው ክኒኑን ትቶ ደሙን በዋግምት ለማስቀነስ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ «የደም ግፊት» የሚለው ይመረጣል።

ለሕመሙ በአሁኑ ጊዜ የተለመደው «የመርሳት በሽታ» የሚለው ስም ከ«መጃጀት» ይሻላል፤ በሽታ መሆኑን ያምናልና። ነገር ግን ለአልዝሃይመር የተስማማ ነው እንጂ ከደም ሥር ለሚመጣው አይበቃም። የዚህኛው የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ መርሳት ሳይሆን የሐሳብ መንቀርፈፍ፣ ሥራን በቅደም ተከተል ማከናወን አለመቻልና የአረማመድ መለወጥ ነው። ቤተሰቡ መርሳትን ሲጠብቅ ሕመሙ በሌላ በር ይገባል። «የአእምሮ በሽታ» ማለትም እብደትን ስለሚያሳስብ ሕመምተኛውን ለነቀፋ ያጋልጣል።

ጸሐፊው ለውይይት የሚያቀርበው «ደም ሥር ወለድ የማስተዋል መዳከም» የሚለውን ነው። «ወለድ» በ«ውኃ ወለድ በሽታ» ተለምዶ ምክንያትን ለማመልከት ያገለግላል፤ «ማስተዋል» ከማስታወስ ይሰፋል፤ «መዳከም» ደግሞ ሂደትን ይናገራል። ስያሜው ረዘም ማለቱ አይካድም፤ በአፍ ሲለመድ ሊያጥር ይችላል። በማጠሩ ግን ምክንያቱን እንዳይጥል መጠንቀቅ ይገባል፤ ልጆች ወላጆቻቸውን ገና በጊዜ ግፊታቸውን እንዲያስለኩ የሚያሳስባቸው ይኸው ምክንያቱ ነውና።