ከቃሊቲ እስከ ቀይ ባሕር፦ የአሰብ መንገድና የተዘነጉ ምስክሮቹ



የኢትዮጵያና የባሕር በር ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከውል ሰነዶች፣ ከጦርነቶችና ከመሪዎች ንግግር ተነሥቶ ነው። እኔ ዛሬ ካደግሁበት ከአቃቂ ቃሊቲ ልነሣ እወዳለሁ። ይህ ክፍለ ከተማ ባሕር የለውም፤ ነገር ግን የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ዋና ከተማዋ ሲገባ በደጁ አልፏል። ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ አቃቂን አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሷል።

የአሰብ መንገድ ግን ወደ እኛ ሰፈር የመጣው ዘግይቶ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን አሰብን ከኮምቦልቻ ጋር አገናኘች፤ ስለዚህ የጭነት መኪናው በደሴና በደብረ ሲና ተራሮች ላይ ይንፏቀቅ ነበር። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ሲሠራ ጉዞው ወደ ቆላው ዞረ፤ ቃሊቲም የአሰብ በር ሆነች። በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ተቋቁሞ ስለነበር፣ ቦቴዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሱ ጀመር።

በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ የቦቴ ሾፌር የነበረው አጎቴ ይዞኝ ወረደ። ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ ወደ መንገዱ ተጠግቶ አየሁ። በአዋሽ ፓርክ የሳላ መንጋ ሲያቋርጥ አጎቴ መኪናውን አቁሞ ጠበቀ። «ጋሼ፣ ለምን ጥሩንባ አታሰማም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «መንገዱ ከእኛ በፊት የእነሱ ነበር» አለኝ። ከገዋኔ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም በሎጊያ፣ በሰርዶና በኤሊዳር አድርገን በሦስተኛው ቀን ባሕሩን አየን። በማስታወሻዬ ላይ የጻፍሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባሕር አየሁ» የሚል።

ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዐረፍተ ነገር ነው። ሻይ ያፈሉልንን ሴቶች ስም፣ ውኃ ያሳየንን የአፋር አረኛ፣ በ1961ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ስለ ፈረሰችው ስለ ሰርዶ የሰማሁትን አልመዘገብሁም። የታሪክ ጽሑፋችንም እንደ እኔ ማስታወሻ ነው፤ መድረሻውን አይቶ መንገዱን ዘነጋ።

ነገር ግን የሾፌሮችን ትዝታ እንዳለ መቀበልም አይገባም። ለተጓዥ ውብ የሆነው ሜዳ ለከረዩ አርብቶ አደር የተነጠቀ ግጦሽ ነው፤ የመተሐራ የስኳር እርሻና በ1961 ዓ.ም. በሕግ የጸናው የአዋሽ ፓርክ የከብቶቹን መዋያ አጥብበውበታል። ከገዋኔ ወዲያ ያለው ያንጉዲ ራሳ የተከለለው ለዱር አህያ ጥበቃ ሲሆን፣ ያው አውራ ጎዳና መሐሉን ሰንጥቆት ያልፋል። የአንዱ የባሕር በር የሌላው መኖሪያ መሆኑን ከሰነዱ ይልቅ መንገዱ ይነግረናል።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መስመር ተቋረጠ፤ የቦቴው ጉዞ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ተከፍቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። አጎቴ ያንን ዜና ሲሰማ የድሮ መንጃ ፈቃዱን ከሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ዳግመኛ ሳይሄድ ዐረፈ።

ውድ ተማሪዎች፤ ስለ ባሕር በር ብዙ በሚነገርበት በዚህ ጊዜ፣ ያንን መንገድ የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው። ወደ ቤተ መዛግብት መሄዳችሁ አይቅር፤ ከዚያ በፊት ግን ወደ ቃሊቲ ጋራዦችና ሻይ ቤቶች ውረዱ። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁም «ባሕሩ እንዴት ነበር?» አይሁን፤ «በመንገድ ላይ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።