የቀድሞ የመልክዐ ምድር ካርታዎች ስለ ከብት አርቢ አገር የሚሰጡት ማስረጃ

የመልክዐ ምድር ካርታ በመሠረቱ የሚዘጋጀው የመሬትን ከፍታና ዝቅታ፣ ወንዙንና መንገዱን ለማሳየት ነው። ዘመን ባለፈ ቁጥር ግን ራሱ የታሪክ ሰነድ ይሆናል። በተለይም ነዋሪው በተራራቀበትና የጽሑፍ መዝገብ ባነሰበት የከብት እርባታ አገር ጠቀሜታው የጎላ ነው። ለዚህም በአሜሪካ በነብራስካ ክፍለ ግዛት የሚገኘው፣ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ሳንድ ሂልስ የተባለው የአሸዋ ኮረብታ አገር በምሳሌነት ሊጠቀስ ይችላል።

በ1879 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባወጣቸው የዚህ አገር ካርታዎች ላይ ሁለት ዐይነት መስመሮች ተደራርበው ይታያሉ። አንደኛው የኮረብታውን ቅርጽ ተከትሎ የሚጠማዘዘው ቡናማ የኮንቱር መስመር ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮረብታና ሸለቆ ሳይለይ አገሩን በአራት ማዕዘን የሚከፋፍለው የመሬት ድልድል መስመር ነው። የአገሩ ታሪክ በአመዛኙ የሚገኘው በእነዚህ የሁለቱ አለመጣጣም ውስጥ ነው። የ1862ቱ ሕግ ለአንድ ሠፋሪ 160 ኤከር ይፈቅድ ነበር። ጆን ዌስሊ ፓውል በ1878 ባቀረበው ዘገባ በደረቁ ምዕራብ ለአንድ ከብት አርቢ 2,560 ኤከር እንደሚያስፈልግ ቢያመለክትም፣ ሐሳቡ ሕግ ሆኖ አልወጣም። በ1904 የወጣው የኪንኬድ ሕግ ለሰሜን ምዕራብ ነብራስካ ድርሻውን ወደ 640 ኤከር ከፍ አደረገው፤ ይሁንና ይህም ስላልበቃ አያሌ ሠፋሪዎች መሬታቸውን ለትላልቅ አርቢዎች ሸጠው ሄዱ።

ውጤቱን ካርታው ያለ ሐተታ ይገልጸዋል። መኖሪያ ቤቱ በአብዛኛው የሚገኘው ውኃና የድርቆሽ ሣር ባለበት ሸለቆ ነው። በሰፊው ግጦሽ ላይ ተራርቆ የሚታየው ግን በነፋስ ኃይል የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ምልክት ነው፤ ከዚህም ከብቱ የት የት ይሰማራ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ቤት በሌለበት ሸለቆ ላይ የሰው ስም ተጽፎ ሲገኝ የቀድሞ ሠፋሪን ሊጠቁም ይችላል። በተለያየ ዘመን የታተሙ ካርታዎች ሲነጻጸሩም፣ በፊተኛው ላይ የነበረ ትምህርት ቤት በኋለኛው ላይ ከታጣ፣ የነዋሪው ቁጥር ቀንሶ እንደ ሆነ ለመመርመር መነሻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የካርታ ዝምታ እንደ ማስረጃ ሊወሰድ አይገባም። ካርታው የግል ባለይዞታውን ማንነት አያሳይም፤ ከአርቢዎቹ በፊት በዚሁ ምድር ያድኑ የነበሩት የላኮታና የፖኒ ሕዝቦች እንዴት እንደ ተነቀሉም አይናገርም። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስል ስፍራ ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም። ስለዚህ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹ ካርታው የተጠናበትን ዓመት ከታተመበት ዓመት ለይተው፣ ንባባቸውንም ከመሬት መዝገብና ከአገሬው ሰው ቃል ጋር እያመሳከሩ እንዲሠሩ ሊያለማምዳቸው ይገባል።