«ቡና» የተሰኘው ኮከብ፦ ያረጁ ከዋክብት ከብርሃናቸው እንዴት ይታወቃሉ?

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ምሽቶች፣ ከሐረር በስተሰሜን በሚታየው ሰማይ ላይ፣ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ «ቡና» የሚባል ኮከብ አለ። ስሙን ያወጣችለት ኢትዮጵያ ናት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የ100ኛ ዓመት በዓሉን ምክንያት በማድረግ አገሮች ለአንድ ኮከብና በዙሪያው ለሚዞር ፕላኔት ስም እንዲሰጡ ጋብዞ ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ውጤት፣ ቀድሞ ኤችዲ 16175 በሚል መለያ ብቻ ይታወቅ የነበረው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል» ተብለው ተሰየሙ።

ስሟ ከቡና ጋር ተያይዞ በዓለም ለሚነሳው ሐረር ይህ ስያሜ እንግዳ አይደለም። ብዙም ያልተነገረው ግን ኮከቡ የእርጅናውን ዘመን የጀመረ መሆኑና ስለ እርሱ የታወቀው ሁሉ ብርሃኑን በመተንተን የተገኘ መሆኑ ነው። ቡና ከምድር 200 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ ጉዞውን የጀመረው ሐረር በአሚሮቿ ትተዳደር በነበረበት ዘመን ነው ማለት ነው። ወደ እርሱ ሄዶ ናሙና ማምጣት የማይታሰብ በመሆኑ፣ ምስክርነቱን የሚሰጠው ብርሃኑ ብቻ ነው።

ብርሃንን የመተንተን ጥበብ

የፀሐይ ብርሃን በዝናብ ጠብታዎች ውስጥ ሲያልፍ ተበትኖ ቀስተ ደመና እንደሚሆን ሁሉ፣ የኮከብ ብርሃንም ስፔክትሮግራፍ በተባለ መሣሪያ ወደ ቀለማቱ ይዘረዘራል። ይህ ጥናት ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። ጀርመናዊው የመነጽር ባለሙያ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 በፀሐይ ቀለማት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቋቁር መስመሮችን አየ። የመስመሮቹን ምሥጢር ግን እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ የፈቱት ጉስታቭ ኪርሾፍና ሮበርት ቡንሰን ናቸው።

ምሥጢሩ ከማድ ቤት የራቀ አይደለም። በእሳት ላይ ጨው ሲነሰነስ ነበልባሉ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ ምክንያቱም በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የራሱ የሆነ ቢጫ ብርሃን አለው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንደ ጣት አሻራ የራሱ መስመሮች አሉት። ከኮከቡ ውስጠኛ ክፍል የሚወጣው ብርሃን በላይኛው ቀዝቀዝ ያለ ከባቢ አየር ሲያልፍ፣ በዚያ የሚገኙት ንጥረ ነገሮች የየራሳቸውን ቀለም ይውጣሉ፤ በቦታውም ጥቁር መስመር ይቀራል።

ከመስመሮቹ ብዙ ነገር ይነበባል። የትኞቹ መስመሮች እንደጎሉ ሲታይ የኮከቡ ሙቀትና የንጥረ ነገሮቹ መጠን ይታወቃል። የመስመሮቹ ስፋት ደግሞ ዕድሜን ይጠቁማል፦ ኮከብ ሲያረጅ ስለሚያብጥ ከባቢ አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ በግፊት ምክንያት ሰፍተው የነበሩት መስመሮች ይቀጥናሉ።

የቡና እርጅና

ቡና ከፀሐይ በክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። ከባድ ኮከብ ነዳጁን ፈጥኖ ስለሚጨርስ ቀድሞ ያረጃል። በመሆኑም ቡና «ንዑስ ግዙፍ» ከሚባሉት፣ ማለትም በማዕከላቸው ያለውን ሃይድሮጂን ጨርሰው ማበጥ ከጀመሩት ከዋክብት ይመደባል። የብርሃኑ መጠን ከፀሐይ ከ3 እጥፍ በላይ ነው። ከባቢ አየሩ በብረት የበለጸገ ሲሆን፣ መጠኑ ከፀሐይ ከ2 እጥፍ ይበልጣል።

አቦልም የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ተመራማሪዎች ማርጀት የጀመሩ ከዋክብትን በስፔክትሮግራፍ ሲከታተሉ፣ የዚህ ኮከብ መስመሮች አንዴ ወደ ቀይ፣ አንዴ ወደ ሰማያዊ እየተንሸራተቱ መሆኑን አስተዋሉ። በዓይን የማይታይ ፕላኔት ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ይስበው ነበር። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ሆነ። አቦል ክብደቱ ቢያንስ የጁፒተር 4 እጥፍ ሲሆን፣ በተለጠጠ ምሕዋር ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር 2 ዓመት ከ9 ወር ገደማ ይፈጅበታል።

የፀሐይ ዕጣና የአፈር ምንጭ

ያረጁ ከዋክብትን ማጥናት የፀሐይን መጪ ዘመን አስቀድሞ ማየት ነው። ፀሐይም ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ቡና በጀመረው መንገድ አልፋ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች።

ጥናቱ ያለፈውንም ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1952 ፖል ሜሪል በቀይ ግዙፍ ከዋክብት ከባቢ አየር ውስጥ ቴክኒሺየም የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። ቴክኒሺየም በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የሚከስም በመሆኑ፣ በቢሊዮን በሚቆጠር ዕድሜ ባላቸው ከዋክብት ላይ መታየቱ ከዋክብቱ ራሳቸው እንደሚሠሩት አረጋገጠ። ያረጁ ከዋክብት የሠሩትን ንጥረ ነገር ወደ ጠፈር ይበትናሉ። በማሳ አፈርና በቡና ፍሬ ውስጥ ካለው ካርበንና ናይትሮጅን ጉልህ ድርሻ ያለው፣ ፀሐይ ከመፈጠሯ በፊት ካለፉ እንዲህ ካሉ ከዋክብት የመጣ ነው።

የኢትዮጵያ ድርሻ

ለኮከቡ ስሙን የሰጠችው ኢትዮጵያ ብትሆንም፣ ምንነቱን ያወቁት የሌሎች አገሮች መሣሪያዎች ናቸው። ይህን ክፍተት ለመሙላት መሠረት ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያስጀመረው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመርቋል። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ይህ ተቋም፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖችና ስፔክትሮግራፍ አሉት። ፈተናው የክረምት ደመናና የአዲስ አበባ ብርሃን ነው። በዚህም የተነሳ በላሊበላ አካባቢ ካሉ ከፍተኛ ተራሮች መካከል ለተጨማሪ ቴሌስኮፕ የሚሆን ጨለማ ሥፍራ ሲጠና ቆይቷል።

ከሐረር ለመመልከት

በታኅሣሥ ወር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 ገደማ ወደ ሰሜን ላቀና ተመልካች፣ አልማክ የተባለው ብርቱካናማ ኮከብ ከፍ ብሎ ይታየዋል። አልማክ ራሱ ያረጀ ግዙፍ ኮከብ ሲሆን፣ ለማየት መሣሪያ አያስፈልገውም። ክንድ ተዘርግቶ በአራት ጣት ስፋት ያህል ከእርሱ በስተቀኝ ቡና ይገኛል፤ እርሱን ለማየት ግን ባይናኩላር ያሻል። ከከተማው መብራት ወጣ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፍለጋው ይቀላል።