ከመቅደላ የወጣው ሐኪም

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲገባ አፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከአምባው ስለተጋዘው ብራና፣ ዘውድና ታቦት፣ ስለ ንጉሡ ልጅ ስለ ልዑል ዓለማየሁም ብዙ ተጽፏል። በዚያው ሰሞን ግን ሌላ ሕፃንም ከአምባው ወጥቷል።

ወርቅነህ እሸቴ ይባላል፤ የጎንደር ልጅ ነው። በግርግሩ ከቤተሰቡ ተለይቶ ሲገኝ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። የመኮንኑ ስም ቻርልስ ለልጁ መጠሪያ ሆነው፤ ለትምህርቱ ከከፈለለት ከኮሎኔል ማርቲን ደግሞ የአባት ስም አገኘ። ጎንደሬው ልጅ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ።

መቅደላ ከዚያ በፊትም ሐኪም አላጣም ነበር። ንጉሡ ካሰሯቸው አውሮፓውያን አንዱ ሄንሪ ብላንክ በቦምቤይ ጦር የሚያገለግል ሐኪም ነበር፤ በእግር ብረት እንዳለም በሽተኛ ያይ ነበር። ለታማሚው እጁ እንጂ ወረቀቱ ምኑም አልነበረም።

ለወርቅነህ ግን ወረቀቱ ትልቅ ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1882 (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ይህ በሕንድ የሐኪም ረዳትነት ሥራ ያስገኛል፤ ብሪታንያ ግን የ1858ቱ የሕክምና ሕግ ያቋቋመው የራሷ መዝገብ ነበራት፤ በመሠረቱም የሚያሰፍረው ከብሪታንያ ተቋማት ፈቃድ የያዘውን ነው። እሳቸውም ስኮትላንድ ተሻግረው በኤድንብራና በግላስጎ ተማሩ፤ የዚያውን አገር ፈቃድ ይዘው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። አንድ ሰው፣ አንድ ሙያ፣ ሁለት ጊዜ ፈተና። ላሆር ያስተማረችው የሰው አካል በኤድንብራ ሌላ አልነበረም፤ የተለወጠው ማኅተሙ ብቻ ነው።

የዓድዋ ድል ወሬ በርማ ሲደርስ የተወለዱበትን አገር ማየት ተመኙ። በ1899 በዘይላና በሐረር አድርገው አዲስ አበባ ገቡ፤ አፄ ምኒልክም ተቀበሏቸው። የሚተረከው ግን ከዲፕሎማው ይልቅ የጠባሳው ነገር ነው፦ አያታቸው መጥተው ከልጅነታቸው ጀምሮ የነበረባቸውን ጠባሳ አይተው «የኔ ልጅ ነው» አሉ። በሁለት አህጉር የተፈተኑት ሰው በአገራቸው የታወቁት በገላቸው ምልክት መሆኑ፣ ለፈቃድ ሰጪዎች ሁሉ ጥሩ ቀልድ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሕይወታቸው በሁለት መንግሥታት መካከል ተመላለሰ። ለእንግሊዝ ሠሩ፤ የታመሙትን ምኒልክን ለማከምም ተመልሰው መጡ። በ1919 ከእንግሊዝ አገልግሎት ወጥተው አገራቸው ኑሮ መሠረቱ። ጣሊያን በ1935 ሲወርር ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ዶክተር ጆን ሜሊ የመሩት የእንግሊዝ የአምቡላንስ ቡድን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘመተ፤ መጋቢት 1936 ላይ ቆረም አጠገብ ቀይ መስቀሉ እየታየ በአውሮፕላን ተደበደበ። ሜሊም በግንቦት አዲስ አበባ ውስጥ ቁስለኛ ሲያነሱ ተመትተው ሞቱ።

የማኅተም ነገር ዛሬም አላበቃም። በአሜሪካ በ1970 የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎችን የሚፈትን ብሔራዊ መዝገብ ተቋቁሟል፤ የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን እያንዳንዱ ግዛት ነው። በቨርጂኒያ በአምቡላንስ ላይ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ በሜሪላንድ ሊቀጠር ቢፈልግ፣ ልቡ የቆመን ሰው ማንሳቱን ማወቁ አይበቃውም፤ ሜሪላንድም ልታውቀው ይገባል። ደንቡ ሕዝብን ከአስመሳይ ይጠብቃልና ከንቱ አይባልም። ግን አንድን ሰው ያንኑ ሙያ ደግሞ ደጋግሞ ማስመስከሩ ከሐኪም ወርቅነህ ዘመን ብዙ አልራቀም።

ሐኪም ወርቅነህ በ1952 አረፉ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ደግሞ በ1964 ነው።