ጋጣው ያስተማራቸው ፈረሰኞች



ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ፈረሱ እንዲያደርስ በመጀመሪያ መገራት አለበት። ታዲያ የሚገራው ማን ነው? ጌታው ነው? የለም፤ ብዙውን ጊዜ ከጎኑ የሚያድረው፣ ፋንድያውን የሚጠርገው ሰው ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነው። ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ፣ ኬንታኪ በምትባለው ግዛት ነው። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።

ኬንታኪ ሣሯ ለምለም፣ ፈረሶቿም የታወቁ አገር ናት። እስከ 1865 ድረስ በዚያች ግዛት ሰውን በባርነት መያዝ በሕግ የተፈቀደ ነበር። ፈረሱ የጌታው ንብረት ነበር። ፈረሱን የሚያበላው፣ የሚያጥበውና የሚገራው ጥቁር ሰውም እንዲሁ የጌታው ንብረት ነበር። ሁለቱም ይገዛሉ፤ ሁለቱም ይሸጣሉ።

በጋጣው ውስጥ ያለው ትምህርት እንዴት ያለ ነበር? ልጁ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ፋንድያ ይጠርጋል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ድርቆሽ ያቀርባል። ይህ ተራ ሥራ ይመስላል፤ የትምህርቱ መጀመሪያ ግን ይኸው ነው። ፈረሱ የቀረበለትን እህል ሳይበላ ካደረ ምናልባት ታሟል፤ ይህን ከማንም አስቀድሞ የሚያየው ጠራጊው ልጅ ነው።

ቀጥሎ ሮጦ የመጣን ፈረስ ማንሸራሸር ይማራል። ያላበው ፈረስ ወዲያው አይቆምም። ላቡ እስኪደርቅ በዝግታ ይመላለሳል፤ ውሃም የሚጠጣው በትንሽ በትንሹ ነው። ከዚያም ልጁ የፈረሱን እግር በእጁ እየዳበሰ የጋለውን ጅማት ከደኅናው መለየት ይማራል። ጅማቱ የጋለ ፈረስ ያን ዕለት ከጋለበ ጉዳቱ ሊከፋ፣ ከዚያ ወዲያ ለግልቢያ ላይሆንም ይችላል። እንግዲህ ይህ ሁሉ በዓይንና በእጅ የሚለቀም እውቀት ነው።

ልጁ በፈረስ ጀርባ ላይ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ በግልቢያ ይሄዳል። ገሪው፣ «ይህን ያህል መንገድ በዚህን ያህል ደቂቃ ጋልብ» ብሎ ያዘዋል። ልጁ ሰዓት አልያዘም። የፈረሱን አረጋገጥ እያዳመጠ ጊዜውን በልቡ ይለካል። ከጋጣ የወጣ ጋላቢ ዛቡን መቼ ሰብሰብ፣ መቼ ለቀቅ ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ አንሰል ዊሊያምሰንን እንውሰድ። ይህ ሰው በባርነት የተወለደ ነው። ዉድበርን በሚባለው የፈረስ ማርቢያ በገሪነት ይሠራ ነበር። እዚያው ኤድዋርድ ብራውን የሚባል፣ በሕፃንነቱ የተሸጠ ልጅ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ፈረስ ጠባቂ፣ በኋላ ጋላቢ ሆነ። ባርነት ከተሻረ በኋላ፣ በ1875፣ ሉዊቪል ከተማ ላይ የመጀመሪያው የኬንታኪ ደርቢ እሽቅድምድም ተደረገ። ከተወዳደሩት 15 ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ያሸነፈው ፈረስ አሪስቲደስ ይባላል፤ ጋላቢው ኦሊቨር ሉዊስ፣ ገሪው ደግሞ ያው ዊሊያምሰን ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1877 ያሸነፈውን ፈረስ የገራው ማን ይመስላችኋል? ያ የተሸጠው ልጅ፣ ብራውን ነው!

አይዛክ መርፊም የዚያው ትምህርት ፍሬ ነው። በ1861 ተወለደ፤ ኤሊ ጆርዳን ከሚባል ጥቁር ገሪ ሥር ሆኖ ሙያውን ለመደ። በ1884፣ በ1890 እና በ1891 ደርቢውን አሸነፈ። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጋላቢ እርሱ ነው። አለንጋ እንደማያበዛ ይነገርለታል። ፈረሱን የሚያውቅ ሰው ምን አለንጋ ያስፈልገዋል? ከመጀመሪያዎቹ 28 የደርቢ ውድድሮች 15ቱን ያሸነፉት ጥቁር ጋላቢዎች ናቸው።

ታዲያ እነዚህ ባለሙያዎች የት ገቡ? ሙያቸው አልደከመም። ይልቁንም እሽቅድምድሙ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሲሆን ቅናት ተነሣ። በ1896 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተለይተው እንዲስተናገዱ መደረጉ ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። በ1900 አካባቢ አንዳንድ ነጭ ጋላቢዎች ተባብረው ጥቁሩን በግልቢያ መካከል ወደ አጥሩ ይገፉት ጀመር። የፈረሶቹ ባለቤቶችም ፈረሳችን ይጎዳብናል እያሉ ጥቁር ጋላቢ መቅጠር አቆሙ። ከ1921 በኋላ እስከ 2000 ድረስ አንድም ጥቁር አሜሪካዊ በደርቢው አልጋለበም።

ልብ በሉ፤ ከጋጣው ግን አልተባረሩም። በ1973 ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ሴክሬታሪያት የሚባለው ፈረስ ጠባቂው ኤዲ ስዌት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ፋንድያው ተተወላቸው፤ ኮርቻው ተወሰደባቸው ማለት ነው።

ጂሚ ዊንክፊልድ ግን ኮርቻውን ፍለጋ አገሩን ጥሎ ሄደ። ይህ የኬንታኪ ልጅ በ1901ና በ1902 ደርቢውን በተከታታይ ያሸነፈ ነው። ከእርሱ ወዲህ ያን ውድድር ያሸነፈ ጥቁር አሜሪካዊ የለም። በ1904 ወደ ሩሲያ ተሻግሮ እዚያ ታላቅ ስም አገኘ። አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። በ1919 ዊንክፊልድና ጓደኞቹ ከ200 በላይ ፈረሶችን ከኦዴሳ ወደ ዋርሶ ነዱ፤ መንገዱ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በረሃብ ምክንያት አንዳንዶቹን ፈረሶች በመንገድ ላይ ለመብላት ተገደዱ። ዕድሜውን ከፈረስ ጋር ለኖረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚመር አስቡት! ኋላም ፈረንሳይ አገር ገብቶ ጋለበ፤ ግልቢያውን ሲተው ሜዞን ላፊት በምትባለው ከተማ ፈረስ ገሪ ሆነ።

በ1961 ደርቢውን ለማየት ወደ ሉዊቪል ተመለሰ። ለክብሩ ራት ተጋብዞ ከልጁ ጋር ወደ አንድ ሆቴል ቢመጣ፣ በረኛው በፊት ለፊቱ በር አትገቡም አላቸው። ብዙ ካስቆሟቸው በኋላ ነው የገቡት። ዊንክፊልድ በ1974 ፈረንሳይ አገር ሞተ፤ ስሙ በአሜሪካ የእሽቅድምድም ታላላቆች መዝገብ የሰፈረው በ2004 ነው። ከሞተ 30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

አድማጮቻችን፣ ፈረስ የጋላቢውን ዘር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የለመደ እጅና የረጋ ልብ ነው። እነዚያ ሰዎች ሁለቱንም ያገኙት በጋጣው ውስጥ፣ በላባቸው ነበር። ያጡት እውቀት የለም፤ የተነፈጉት በር ነው።