የክሮፎርድ በር ማደሪያዎች

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በዋይት ማውንቴንስ ተራሮች መካከል፣ ዛሬ በክሮፎርድ ቤተሰብ ስም የሚጠራ ጠባብ በር አለ። ቲሞቲ ናሽ የተባለ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1771 ሲያገኘው፣ አገረ ገዥው ጆን ዌንትዎርዝ «ፈረስ ካሳለፍክበት መሬት እሰጥሃለሁ» አለው ይባላል። ናሽም ከጓደኛው ጋር ሆኖ ፈረሱን ከገደል ገደል በገመድ እያወረደ አሳለፈው።

ኬላ የሚከፈልበት መንገድ በ1803 ሲፈቀድ ግን በሩ የንግድ መስመር ሆነ። የቬርሞንት ገበሬዎች መሬቱን በረዶ ሲሸፍነው ሥጋና አይባቸውን ፈረስ በሚጎትተው ተንሸራታች ጋሪ ጭነው ወደ ፖርትላንድ ወደብ ይወርዱ ነበር። በዚያ ብርድ ሰውም ፈረስም ካላረፈ መንገዱ አይገፋም። ኤሊዛር ሮዝብሩክ ከበሩ በስተሰሜን፣ የልጁ ባል ኤቤል ክሮፎርድ ደግሞ በስተደቡብ ቤታቸውን ለመንገደኛ ከፈቱ።

ሮዝብሩክ በ1817 ሲሞት ቤቱን ከነዕዳው የወረሰው የልጅ ልጁ ኢታን ክሮፎርድ ነው። በዓመቱ ቤቱ ተቃጠለ። ኢታን ግን አልሸሸም፤ በ1819 ከአባቱ ጋር ወደ ዋሽንግተን ተራራ የሚያወጣ የእግር መንገድ ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ከነጋዴው ሌላ ተራራ ሊያይ የሚመጣ እንግዳም በረከተ፤ ግዙፉ ኢታን መንገድ ላይ የደከመውን እንግዳ በጀርባው አዝሎ የሚያወርድበት ጊዜ ነበር።

የዚህን አካባቢ ስም ከሁሉ ይበልጥ በሰው አፍ ያስገባው ግን ሐዘን ነው። ሳሙኤል ዊሊ በ1825 ከበሩ ውስጥ ባለ አንድ ማደሪያ ቤት ከነቤተሰቡ ገባ። ነሐሴ 28 ቀን 1826 ሌሊት ከባድ ዝናብ ተራራውን ናደው። ባልና ሚስቱ፣ አምስት ልጆቻቸውና ሁለት ሠራተኞች ከቤት ሸሽተው ወጡና በናዳው ሥር ቀሩ። ከቤቱ ጀርባ ያለ ቋጥኝ ናዳውን ለሁለት ከፍሎት ስለነበር ቤቱ ሳይነካ ተገኘ። ባይወጡ ኖሮ ሁሉም በተረፉ ነበር፤ ልብ የሚሰብረውም ይኸው ነው። የሦስቱ ልጆች አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወሬው ሲሰማ ያን ባዶ ቤት ለማየት የሚመጣው ሰው በዛ፤ ናትናኤል ሆቶርንም ታሪኩን አጭር ልብ ወለድ አደረገው።

ኢታንን ግን የእንግዳው መብዛት ከዕዳ አላወጣውም፤ በ1837 ቤቱን ለቆ ሄደ። የእነዚህ ቤቶች የዕለት ኑሮ ተረስቶ ያልቀረው በባለቤቱ በሉሲ ክሮፎርድ ብዕር ነው፤ የተራሮቹን ታሪክ ጽፋ ያሳተመችው ኢታን በሞተበት በ1846 ነበር። በ1875 ባቡር በሩን አልፎ ሲገባ፣ ፈረስ ለማሳረፍ የሚቆም ነጋዴ ቀረ።